ትንሿ መደረቢያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የዐቢይ ጾም ስድስተኛው ሰንበት ገብር ኄር ይባላል፤ በጎ አገልጋይ ማለት ነው። በዚያ ዕለት የሚነበበው ወንጌል ለአገልጋዮቹ መክሊት አደራ ሰጥቶ ወደ ሩቅ አገር ስለ ሄደ ጌታ ይናገራል (ማቴ. 25፥14-30)። አምስት የተቀበለው ሌላ አምስት አተረፈ፤ ሁለት የተቀበለውም ሁለት አተረፈ። አንድ የተቀበለው ግን ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። ሲጠየቅ የሰጠው መልስ ደግሞ የሚያሳዝን ነው፤ ጌታዬ ጨካኝ መሰለኝና ፈራሁ የሚል ነበር።

መክሊት ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ድምፅ ነው፣ ዕውቀት ነው፣ ገንዘብ ነው። የጓዳውን በር ይዞ “እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው? ለምን?” እያለ የሚያደርቀንን የአራት ዓመት ልጅ ግን ከመክሊት የሚቆጥረው ስንቱ ነው? እሱም እኮ አደራ ነው። ወንድ ከሆነ በ40 ቀኑ፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀኗ ተጠምቀው ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን ተቀብለው የተሰጡን አደራዎች ናቸው። ታዲያ ይህን መክሊት እንዴት አድርገን ነው የምናተርፍበት? ደግሞስ ሳናውቀው እንዴት አድርገን እንቀብረዋለን? በዚህች አጭር ጽሑፍ፣ በእግዚአብሔር ቸርነት፣ ይህንኑ እንመለከታለን።

ሐና የሰፋችው ልብስ

ነቢዩ ሳሙኤል የእንባ ልጅ ነው። እናቱ ሐና መካን ነበረች፤ በሴሎ በእግዚአብሔር ቤት አልቅሳ ለምና አገኘችው። ጡት ባስጣለችው ጊዜም ስእለቷን አሰበችና ወስዳ ለእግዚአብሔር ሰጠችው። ይህን ታሪክ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው የኖርን ነን። አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳናስተውል እናልፋለን። ሐና በየዓመቱ መሥዋዕት ለማቅረብ ከባሏ ጋር ስትወጣ ለልጇ ትንሽ መደረቢያ ሠርታ ይዛለት ትሄድ ነበር (1ኛ ሳሙ. 2፥19)።

እስቲ እናስበው። ልጁን የምታየው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ቤቷ ቁጭ ብላ ስትሰፋ ልጇ ፊቷ የለም። “አምና ትከሻው እዚህ ድረስ ነበር፤ ዘንድሮ ስንት ያህል አድጎ ይሆን?” እያለች በልቧ ትለካዋለች። የአምናውን ልብስ መልሳ አልወሰደችም፤ ጠቦታልና። “ያድግበታል” ብላም የትልቅ ሰው ልብስ አልሰፋችለትም፤ ይጠልፈዋልና። በየዓመቱ አዲስ፣ በየዓመቱ በልኩ ነበር የምትሰፋው።

ወገኖቼ፣ ሕፃናትን የማስተማር ነገር ሁሉ በዚች ትንሽ መደረቢያ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። እኛ ብዙ ጊዜ የምናጠፋው ሳናስተምር ቀርተን ብቻ አይደለም። ለሊቀ ካህናቱ ለዔሊ የተሰፋውን ካባ ለትንሹ ሳሙኤል እያለበስን ነው። ልጁ ተጠልፎ ሲወድቅ ደግሞ “ሰነፍ!” እንለዋለን።

የራሴን ጥፋት ልናገር

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬ አይደለም፤ አጥፍቼ ነው የተማርኩት። በጾም ወቅት ኃጢአትን መናዘዝ ተገቢ ነውና ልንገራችሁ።

በአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤት በሕፃናት ክፍል ማገልገል በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከአራት እስከ አሥር ዓመት የሆኑ ሃምሳ ያህል ልጆች በአንድ አዳራሽ ይሰበሰባሉ። እኔ ከአብነት ትምህርት ቤት የወጣሁ፣ በዚያ ላይ የመምህርነት ዲፕሎማዬን የያዝኩ ሰው ነኝ፤ አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር። በዚያ ሰሞን ልጆቹ “አባታችን ሆይ” የሚለውን ጸሎት በቃላቸው እንዲይዙ ነግሬአቸው በሚቀጥለው እሑድ አንድ በአንድ እያስነሣሁ መጠየቅ ጀመርኩ።

ተራው አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ጋ ደረሰ። ተነሣ። አፉን ከፈተ፤ ቃል ግን አልወጣውም። “ቀጥል!” አልኩት። ዝም አለ። “አንተ ሰነፍ፣ ና እዚህ ቁም!” ብዬ ሁሉም ፊት አቆምኩት። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም አልከለከልኳቸውም። እንዲያውም ለሌሎቹ ትምህርት ይሆናል ብዬ ነበር። ልጁ እዚያው እንደ ቆመ ሱሪው ላይ ሸና። ሳቁ ባሰ።

በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም። በሦስተኛው እሑድ አያቱ ከቅዳሴ በኋላ ዐጸዱ ውስጥ ጠብቀው ያዙኝ። “ዲያቆን፣ ልጄ፣” አሉኝ፣ “ልጁ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ ስለው እግሬ ላይ ተጠምጥሞ ያለቅሳል። ምን አድርገኸው ነው?” ምን ብዬ ልመልስ? እጃቸውን ስሜ፣ ከሰዓት በኋላ እቤት መጥቼ አየዋለሁ አልኳቸው።

ሄድኩ። ልጁ ጓሮ ነው አሉኝ። ቀስ ብዬ ከግድግዳው ጥግ ሆኜ ሳየው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ቆርኪ ደርድሯል፤ የለስላሳውንም የቢራውንም፣ ሃያ ይሆናል። ጉባኤ መሆናቸው ነው። እሱ ደግሞ መምህር ነው። በእጁ ስንጥር ይዞ “አባታችን ሆይ”ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዲት ቃል ሳይስት ለቆርኪዎቹ ያስተምራል። ሙሉውን ያውቀዋል! ያን ዕለትም ያውቀው ነበር ማለት ነው።

እንደ ጨረሰ ከመካከል አንዷን ቆርኪ አነሣና ለብቻዋ አቆማት። በስንጥሩ መታ መታ አደረጋት። “አንተ ሰነፍ፣ ና እዚህ ቁም!” አለ፤ በእኔ ድምፅ፣ በእኔ አነጋገር።

ያን ጊዜ ምን እንዳስተማርኩት ገባኝ። ጸሎቱን አያቱ ናቸው ያስተማሩት። ከእኔ የተማረው ያችን አንዷን ቆርኪ ማቆም ነው። ያ መክሊቱን የቀበረ አገልጋይ “ጨካኝ መስለኸኝ ፈራሁ” እንዳለው፣ ይህም ሕፃን የሚያውቀውን ጸሎት ጓሮ ወስዶ የቀበረው ከፍርሃት የተነሣ ነው። የእግዚአብሔርን ቤት ጨካኝ አስመስዬ ያሳየሁት እኔ ነኝ።

አጠገቡ ሄጄ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። “ይቅር በለኝ፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት” አልኩት። አልመለሰልኝም። ትንሽ ቆይቶ ግን ከቆርኪዎቹ መካከል በጣቱ ቦታ ከፈተና “መምህር፣ አንተ እዚህ ተቀመጥ” አለኝ። ከተማሪዎቹ ጋር ማለቱ ነው። ተቀመጥኩ።

ወደ አዳራሹ የተመለሰው ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው፤ እሱም ከአያቱ ጋር በሩ ሥር እየተቀመጠ። ያን ዓመት ብቻውን ተነሥቶ ጸሎት አልደገመም። እኔም አልጠየቅሁትም። ከሁሉ ጋር አብሮ ሲል ግን ድምፁ ይሰማኝ ነበር።

በልጆቹ እርምጃ

አባታችን ያዕቆብ ከወንድሙ ከዔሳው ጋር በታረቀ ጊዜ ዔሳው “ተነሥ አብረን እንሂድ” ይለዋል። ያዕቆብ ግን ልጆቹ ገና ደካሞች መሆናቸውን፣ የሚያጠቡ በጎችና ላሞችም እንዳሉት፣ አንድ ቀን በጥድፊያ ቢነዷቸው እንደሚያልቁ ነግሮ፣ እኔ በልጆቹ እርምጃ ልክ ቀስ እያልኩ እመጣለሁ አለው (ዘፍ. 33፥12-14)። ያዕቆብ መፍጠን የማይችል ሰው ሆኖ አይደለም። ከፊት የሚሄደው ሰው የመንገዱን ፍጥነት ከኋላ ካለው ደካማ ስለ ለካ ነው።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠራችሁ ታስታውሳላችሁ። በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አንዱ ገና ሀሁ ይላል፤ ሌላው አቡጊዳ ደርሷል፤ አንዱ መልእክተ ዮሐንስን ያነባል፤ ከፍ ያለው ዳዊት ይደግማል። ሁሉም በየራሱ ቦታ ነው፤ ሁሉም ጮክ ብሎ ነው። አንዱ ስለ ዘገየ ሌላው አይቆምም፤ አንዱ ስለ ፈጠነም የዘገየው አይጎተትም። ታላቁ ታናሹን ከጎኑ አስቀምጦ በስንደዶ እያመለከተ ያስቆጥረዋል። ልጅ ከመምህሩ ቀጥሎ ከታላቁ ልጅ ይማራል፤ ያውም ሳይፈራ።

በአገራችን በ2002 ዓ.ም. ብሔራዊ የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ ባሉት ዓመታት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ኦ ክፍል ተስፋፍቷል። ከዚሁ ጋር “ልጅ ለልጅ” የተባለ አሠራርም ሥራ ላይ ውሏል፤ ትልልቅ ተማሪዎች የሰፈራቸውን ሕፃናት በጨዋታ እያስተማሩ ለአንደኛ ክፍል የሚያዘጋጁበት ነው። ስለዚህ አሠራር መጀመሪያ ስሰማ የኔታ ግቢ ነው ትዝ ያለኝ። አዲስ የመሰለን ነገር አባቶቻችን ዘንድ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ግን እዚያም አለንጋና ኩርኩም ነበር። የኔታን አመሰግናለሁ፤ ፊደል የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፤ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። ነገር ግን ከእሳቸው የምንወርሰው ስንደዶውን ነው ወይስ አለንጋውን? በትምህርት ቤት ልጅን መምታት በአገራችን ሕግም የተከለከለ ነው፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ይህንኑ ይደነግጋል። ከዚያም አስቀድሞ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ አባቶችን ልባቸው እንዳይዝል ልጆቻችሁን አታበሳጩ ብሎ አስተምሯል (ቆላ. 3፥21)። ልብ የዛለበት ልጅ አካሉ አዳራሽ ውስጥ ቢቀመጥ ምን ዋጋ አለው?

“ጅቡ መጣ!”

ሌላው ስንፍናችን ማስፈራራት ነው። ልጅ እንቢ ሲል “ጅቡ መጣ!” እንላለን። አልበላም ሲል “ሐኪሙ መርፌ ይወጋሃል” እንለዋለን። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲንቀሳቀስ “ቄሱ ይቆጡሃል”፣ ሲዋሽ ደግሞ “እግዚአብሔር እሳት ውስጥ ይጨምርሃል” እንላለን። እስቲ አስቡት፤ ለአራት ዓመት ልጅ ጅብ፣ ሐኪም፣ ቄስና እግዚአብሔር በአንድ ረድፍ ተሰልፈው ሲያስፈራሩት! አድጎ ጅብ እንደማይመጣ ሲያውቅ ሌላውንስ አብሮ አይጥለውም ትላላችሁ?

በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው፣ የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ የሆነው ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ልጆች አስተዳደግ ጽፏል። የልጅን ነፍስ አዲስ በተቆረቆረች ከተማ ይመስላታል፤ ዓይን፣ ጆሮ፣ አንደበትና የቀሩት የስሜት ሕዋሳት የከተማይቱ በሮች ናቸው። በበሮቹ የሚገባውን መጠበቅ የወላጅ ድርሻ ነው። እንዴት እንደሚያስተምሩም ሲያሳይ ከባድ ነገር አያዝዝም። ማታ በእራት ጊዜ የቃየልንና የአቤልን ታሪክ ለልጁ በሚገባው ቋንቋ፣ እንደ ተረት አጣፍጣችሁ ንገሩት፤ እናቱም አብራ ትቀመጥ፤ ሌላ ቀን ደግሞ እሱ ራሱ መልሶ ይንገራችሁ ይላል። በኋላ ያ ታሪክ በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ይዛችሁት ሂዱ፤ “ይሄንንማ አውቀዋለሁ!” ብሎ ሲደሰት ታያላችሁ ይላል። አስፈሪውን ነገር ግን ልጁ ጠንከር እስኪል አቆዩት፤ የገሃነምን ነገር የሚሰማው ካደገ በኋላ ነው ብሎ ይመክራል። ሁልጊዜ መምታትንም አይደግፍም፤ ዱላ የለመደ ልጅ ዱላን ይንቃልና።

አያችሁ? ይህ ታላቅ ሊቅ፣ ንጉሥና ንግሥት ሳይፈራ የገሠጸ ሰው፣ ለሕፃን ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በእራት ገበታ ላይ ተረት ያወራል። እሱም ትንሽ መደረቢያ መስፋት ያውቅበት ነበር።

ሦስት ጊዜ የተቀሰቀሰው ሽማግሌ

ወደ ሳሙኤል ታሪክ እንመለስ። ብላቴናው ሌሊት ተኝቶ ሳለ ስሙ ሲጠራ ሰማ። ዔሊ የጠራው መስሎት ሮጦ ሄደ። ዔሊ አልጠራሁህም፣ ተመልሰህ ተኛ አለው። ሁለተኛም ሆነ። ሦስተኛም ሆነ (1ኛ ሳሙ. 3)። ዔሊ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ ነው። በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ከእንቅልፉ ተቀሰቀሰ። እኛ ብንሆን በሁለተኛው ላይ ምን እንል ነበር? “ሂድ ወደዚያ! ደግሞ አንድ ጊዜ ትመጣና!” ነበር የምንለው። ዔሊ ግን አልጮኸበትም፤ ልጄ ብሎ ነው የመለሰው። በሦስተኛውም ልጁን የሚጠራው እግዚአብሔር መሆኑን አስተዋለና ምን ብሎ እንደሚመልስ አስተማረው።

ዔሊ የገዛ ልጆቹን ባለመገሠጹ ቤቱ እንደ ተቀጣ እናውቃለን፤ ስለዚህ ልጅ ይለቀቅ እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በዚያች ሌሊት ግን በቁጣ ቢመልሰው ኖሮ ሳሙኤል ሦስተኛ ጊዜ ባልመጣም፣ እግዚአብሔርንም እንዴት እንደሚሰማ ባልተማረ ነበር።

ልጅ አንዱን ነገር አሥር ጊዜ ይጠይቃል። “እግዚአብሔር የት ነው የሚተኛው?” “መልአክ ክንፉ ያመዋል?” ይላል። ሥራ ይዘን፣ ወጥ እየሠራን፣ ደክሞን ከታክሲ ወርደን ሲጠይቀን ይሰለቸናል። ዝም እንዲልልን ሞባይል እንሰጠዋለን። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሚማርና ከማን እንደሚማር አናውቅም። እባካችሁ፣ ከሦስቱ ጥያቄ አንዱ የእግዚአብሔር ጥሪ ሊሆን ይችላልና በሦስተኛውም “ልጄ” እንበል።

ሕፃኑና የጾሙ ድስት

በዚህ ጾም የማልዘልለው ነገር አለ። በየቤታችን ያለ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ቤቱ ሁሉ ሲጾም “ድስቱ ይነካካል፣ ዕቃው ይፈስካል” በሚል ለትንሹ ልጅ እንቁላሉም ወተቱም የሚቀርበት ቤት አለ። ጡት የሚጠባውና ገና ምግብ የጀመረው ሕፃን ሳይቀር ሽሮ ብቻ ሲቀርብለት ይከርማል።

እናቶቼ፣ ይህ ጾም አይደለም። ሕፃኑ አልጾመም፤ ተራበ እንጂ። ልጆች ጾምን የሚለማመዱት በልማዳችን ከ7 ዓመት ጀምሮ ነው፤ እሱም ቀስ በቀስ፣ እንደ አቅማቸው። ከዚያ በታች ያለው ሕፃን አካሉም አእምሮውም የሚገነባበት ዕድሜው ነው። የሚበላው ያጣ ልጅ ተረት ሲነገረውም አይሰማም፤ ፊደሉም አይያዝለትም። ለእሱ አንዲት ትንሽ ድስትና አንዲት ማንኪያ ለይታችሁ አስቀምጡለት፤ ነገሩ በዚህ ያልቃል። እርጉዝና የምታጠባ እናትም፣ የታመመም፣ ብቻቸውን ከመወሰን የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ።

“ታዲያ ልጄ ከጾሙ ምንም አይማርም?” ካላችሁኝ፣ ይማራል፤ በልኩ። ከረሜላውን ለጎረቤት ልጅ ማካፈል የአራት ዓመት ልጅ ጾም ነው። እናቱ ስትሰግድ አጠገቧ ሁለት ጊዜ ቢሰግድ የእሱ ስግደት ነው። ለነዳያን የሚሰጠውን ሳንቲም በገዛ እጁ ይስጥ። ከዚህ የበለጠ ምን ትምህርት አለ?

ምን እናድርግ?

እናንት ወላጆች፣ ከሁሉ በፊት ጊዜ ስጡ። በጾሙ ማታ ማታ ገበታው ከፍ ሲል ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡና አንድ አጭር ታሪክ ንገሩት፤ ኖኅንና መርከቡን፣ ዳዊትንና በጎቹን። በማግሥቱ “እስቲ ትናንት ምን ነበር ያልነው?” በሉት። ቢሳሳት አትሳቁበት፤ አብራችሁት አስተካክሉ። ጢሞቴዎስን ለጳውሎስ ያዘጋጁት አያቱ ሎይድና እናቱ ኤውንቄ ናቸው (2ኛ ጢሞ. 1፥5)። ያም የሆነው በቤታቸው ነው።

ደግሞ ከአፀደ ሕፃናት ሲመለስ “ስንተኛ ወጣህ?” ማለታችንን እንተው። የአራት ዓመት ልጅ ስንተኛ ነው የሚወጣው? “ዛሬ ከማን ጋር ተጫወትክ? ምን አየህ?” እንበለው። ጨዋታ ለሕፃን ሥራው ነው፤ ያ ልጅ ቆርኪውን ሲደረድር ጸሎቱን እየደገመ ነበር። “ልጄ ገና በአራት ዓመቱ እንግሊዝኛ ያነባል” እያልን በሰው ፊት የምናስነብበው ለእሱ ብለን ነው ወይስ ለእኛ?

የክርስትና አባትና የክርስትና እናት የሆናችሁም አደራ አለባችሁ። በጥምቀቱ ዕለት ልብስ ገዝቶ መጥፋት አይበቃም። በዓመት ጥቂት ጊዜ እንኳ ልጁን እጁን ይዛችሁ ቤተ ክርስቲያን ውሰዱት።

በየአፀደ ሕፃናቱና በኦ ክፍል የምታስተምሩ እኅቶችና ወንድሞች፣ ብዙ ሰው ሥራችሁን እንደ ሞግዚትነት ብቻ ያየዋል። ደመወዙ ትንሽ፣ ልጁ ብዙ ነው፤ አውቃለሁ። እናንተ ግን የቤቱን መሠረት የምትጥሉ ናችሁ፤ መሠረት ደግሞ ከመሬት በታች ስለሆነ አይታይም። ልጁ መጀመሪያ ስሙን በፍቅር ሲጠራ ከወላጆቹ ሌላ የሚሰማው ከእናንተ አፍ ነው። የሚያለቅሰውን ብድግ አድርጋችሁ ያቀፋችሁባት ያች ሰዓት በእግዚአብሔር ዘንድ የተቆጠረች ናት።

በሰንበት ትምህርት ቤት የምናገለግል ደግሞ ትንንሾቹን ከትልልቆቹ እንለያቸው። እኛ ጋ ከዚያ ጥፋት በኋላ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያሉትን ለብቻ አደረግን። ሰዓት ሙሉ ማውራት ትተን በአንድ እሑድ አንድ ነገር ብቻ እናስተምራለን፤ ከሩብ ሰዓት አያልፍም። ክብ ሠርተን ምንጣፍ ላይ እንቀመጣለን። ጽናጽሉን እንዲያንሿሹት፣ ከበሮውን እንዲነኩት፣ መቋሚያውን እንዲይዙት እናደርጋለን። ማማተብን፣ ጫማ ማውለቅን፣ ደጁን መሳለምን አብረን እየሠራን እናሳያለን። ጸሎት የሚባለው በጋራ ነው፤ ብቻውን ማለት የፈለገ ይላል፣ ያልፈለገ አይገደድም። ትልልቆቹ ልጆችም በተራ እየመጡ ታናናሾቻቸውን ይረዳሉ።

ቅዳሴ የምታስቀድሱ ምእመናንም፣ ሕፃን ሲያለቅስ ዞራችሁ እናቱን በዓይናችሁ አትውጉ። ሕፃናትን ወደ ጌታ ያመጡትን ሰዎች የገሠጿቸው ደቀ መዛሙርቱ ነበሩ። ጌታችን የተቆጣው ግን በሕፃናቱ ወይም በእናቶቻቸው ሳይሆን በደቀ መዛሙርቱ ነው፤ ሕፃናቱንማ አቀፋቸው፣ እጁን ጭኖ ባረካቸው (ማር. 10፥13-16)። ያች እናት ልጇን አዝላ የመጣችው ስንት ነገር ትታ ነው። ይልቅ ትንሽ ጠጋ ብላችሁ ቦታ ስጧት።

የልጅ ስንቅ

“ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም” የሚል አባባል አለን። እውነት ነው፤ ልጅ ያቦካው ይቀጥናል፣ ዱቄቱም ይበተናል። ነገር ግን በምድረ በዳ አምስት ሺህ ወንዶች በተራቡ ጊዜ የሐዋርያት ስንቅ አልበቃም፤ ፊልጶስ ሒሳቡን አስልቶ ሁለት መቶ ዲናርም አይበቃም አለ። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ እራት የሆነው የአንድ ብላቴና አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ ነው (ዮሐ. 6፥5-13)። የልጁ ስንቅ በጌታ እጅ ሲገባ በቅቶ አሥራ ሁለት መሶብ ተረፈ።

የእኛ ሥራ ልጁ ይዞት የመጣውን ከእጁ ነጥቀን አለመጣል ነው። ያች የተኮላተፈች ጸሎቱን፣ ያች ግማሽ ስግደቱን፣ ያን የማያልቅ ጥያቄውን ወደ ጌታ እጅ ማድረስ ነው። ማብዛት የእሱ ነው።

ያን ልጅ አሁንም አየዋለሁ፤ አድጓል። ባለፈው ሰሞን ትንንሾቹ ክብ ሠርተው በተቀመጡበት ከኋላ ቆሜ ስመለከት እሱ ከመካከላቸው ቁጭ ብሎ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ያስጠናል። ልጅቷ መሐል ላይ ቃሉ ጠፋትና ዝም አለች። ልቤ ደነገጠ። እሱ ግን “ቁሚ” አላላትም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጣዩን ቃል በጆሮዋ ነገራትና አብረው ቀጠሉ።

ሐና በየዓመቱ እንደ ለካችው፣ ያዕቆብ በልጆቹ እርምጃ እንደ ሄደ፣ ዔሊ በሦስተኛውም “ልጄ” እንዳለ፣ እኛም አደራችንን በትዕግሥት ይዘን “አንተ በጎና ታማኝ አገልጋይ” ከሚባሉት ጋር እንድንቆጠር የአምላካችን ቸርነት፣ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን። ጾሙን የበረከትና የንስሐ ያድርግልን፤ ለብርሃነ ትንሣኤውም በሰላም ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።